በአምስት ክፍሎች የቆመ አንድ መድረክ

የመጀመሪያው ትርኢታችን በተጀመረ በ12ኛው ደቂቃ ተቋረጠ። መቋረጡን ግን ማናችንም ወዲያው አላወቅንም። ድምፃዊቷ ዐይኗን ጨፍና መዝፈኗን ቀጥላለች፤ ተወዛዋዥዋ በሌላ አህጉር፣ ገና ጎህ ባልቀደደበት ሰዓት፣ ሳሎኗ ውስጥ ትሽከረከራለች፤ እኔ ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጬ የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን ጠፍቶኛል። ከተመልካቾቹ አንዱ «የጠፋው ለእኔ ብቻ ነው?» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ለእኔም» አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ወጣ። የተመልካቹ ቁጥር ከ80 ወደ 31 ሲወርድ ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ።

ያ ምሽት ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ትርኢቶችን እስከ ፍጻሜያቸው አድርሰናል። በየከተማው ተበታትነው በኢንተርኔት አንድ መድረክ ላይ ለመገናኘት የሚያስቡ የቴአትር፣ የሙዚቃና የውዝዋዜ ሰዎች እኛ በወደቅንበት ጉድጓድ እንዳይወድቁ ያየሁትን ልጽፍ ተነሣሁ። የመሣሪያ ዝርዝር ለሚፈልግ ሰው ዝርዝሩ ሞልቷል። እኔን የጎዳኝ የመሣሪያ እጥረት አልነበረም፤ እያንዳንዱን መሣሪያ ከተሠራለት ሥራ ውጪ ማሰማራቴ ነበር።

አምስት ነን። ከበሮ መቺ፣ ድምፃዊት፣ ተወዛዋዥ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ተራኪ፣ እና ስርጭቱን የማቀናብረው እኔ። ድምፃዊቷና ጋሼ የሚራራቁት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከበሮ መቺው ከእነርሱ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ተወዛዋዥዋ ከሁሉም ሩቅ ናት፤ በእርሷና በከበሮ መቺው መካከል 9,000 ኪሎ ሜትር አለ። መጀመሪያ ላይ ይህን ርቀት ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ኢንተርኔት ርቀትን አጥፍቷል ሲባል እየሰማን ስለኖርን እውነት መስሎን ነበር።

የመጀመሪያውን ልምምድ ያደረግነው ሰው ሁሉ ለስብሰባ በሚጠቀምበት የቪዲዮ ፕሮግራም ነው። ከበሮ መቺው ምቱን ጀመረ፤ ድምፃዊቷ ገባች። አራት አምስት ስንኝ ደህና ሄደ። ከዚያ ዜማው መጎተት ጀመረ። እርሱ እርሷን ይጠብቃል፤ እርሷ እርሱን ትጠብቃለች፤ እያንዳንዱ ምት ካለፈው በጥቂቱ ይዘገያል። በሦስተኛው ደቂቃ ለጭፈራ የተሠራው ዘፈን እንጉርጉሮ ሆነ። ሁለቱም ጥፋቱ የሌላው መሰላቸው። ለእኔ ደግሞ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ፍጥነት መሰለኝና ሁሉም ከፍ ያለ ጥቅል እንዲገዙ አደረግሁ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። ገንዘብ ወጣ፤ ምስሉ ጠራ፤ ዘፈኑ ግን ያው እንጉርጉሮ ነበር።

«ፈጣን ኢንተርኔት» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እናደባልቃለን። አንደኛው በመስመሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ያልፋል የሚለው ነው፤ እንደ ቧንቧ ውፍረት ቁጠሩት። ሁለተኛው አንዲት ጠብታ ከዚህኛው ጫፍ ተነሥታ ወዲያኛው ለመድረስ የምትወስደው ጊዜ ነው። ውፍረቱን ገንዘብ ይገዛዋል። መዘግየቱን ግን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ብቻ 5 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ 5 ሺኛ) ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ተራራና ባሕር እየዞረ፣ ከአንዱ ኩባንያ መስመር ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ ካሜራው፣ የድምፅ ካርዱና ምስሉን አምቆ የሚልከው ፕሮግራም እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይጨምራሉ።

ለጓደኞቼ ነገሩ የገባቸው ወደ ሜትር ስቀይረው ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 30 ሚሊሰከንድ የዘገየ ድምፅ እንግዲህ 10 ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው እንደሚመጣ ድምፅ ነው። ሙዚቀኞች ምት አብረው መጠበቅ የሚከብዳቸው መዘግየቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ካለው ወሰን ሲያልፍ ነው። በስብሰባ ፕሮግራሙ ላይ ለካነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሆነ። ይህ ወደ 70 ሜትር ነው፤ የኳስ ሜዳ ወርድ ማለት ነው። አንዱ ከሜዳው በዚህኛው መስመር፣ ሌላዋ በዚያኛው ቆመው አብረው ሊመቱና ሊዘፍኑ ሲታገሉ ነበር የከረሙት። ያን ቀን ሁለቱ ታረቁ።

ከዚህ በፊት ግን ሌላ ችግር ሳምንታት በልቶብናል። ጋሼ ሲተርኩ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከበሮው ግን የመጀመሪያው ምት ብቻ ይሰማና ቀሪው በብርድ ልብስ የታፈነ ይመስላል። ድምፃዊቷ አንድ ቃና ረዘም አድርጋ ስትይዝ ድምፅዋ እየሳሳ ይጠፋል። ማይክሮፎን ቀየርን፣ ቦታ ቀየርን፣ ከዚህ በላይ የማልናገረውን ብዙ ነገር አደረግን። መፍትሔው ከፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። የስብሰባ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ነው። ንግግር ያልሆነውን ድምፅ እንደ ማራገቢያ ጩኸት ቆጥረው ያጠፉታል፤ የድምፁን ከፍታም ራሳቸው ያወርዱታል፣ ያወጡታል። ሦስት ነገሮችን ፈልጋችሁ አጥፉ፦ ጩኸት መቀነሻውን፣ የገደል ማሚቶ መከላከያውንና ድምፅን በራሱ የሚያስተካክለውን። ዙም ላይ ይህ ዋናውን ድምፅ እንዳለ እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫ ሆኖ ተቀምጧል፤ በውስጡም ለሙዚቃ የተዘጋጀ ጥራት አለ።

የማሚቶ መከላከያውን ያጠፋ ሰው ግን ያለ ጆሮ ማዳመጫ መቀመጥ አይችልም፤ የሌላው ሰው ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ተመልሶ በማይክሮፎኑ ይገባል። ማዳመጫው ደግሞ ባለ ገመድ ይሁን። ተወዛዋዥዋ ለመንቀሳቀስ እንዲመቻት ብሉቱዝ ማዳመጫ ትጠቀም ነበር። እግሯ ከከበሮው ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረው ለምንድን ነው እያልን ስንጨነቅ፣ ለካስ ማዳመጫው ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ እየጨመረ ነበር። ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ገዛች፤ ከወገቧ ጋር በመቀነት አሰረችው። በቪዲዮው ላይ አይታይም።

ዋይፋይንም ተዉት። ዋይፋይ ችግሩ ቀርፋፋነቱ አይደለም፤ ዋዣቂነቱ ነው። አንዱ የድምፅ ቁራጭ በ20 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፣ ቀጣዩ በ90፣ ሌላው ጭራሽ አይመጣም። ተቀባዩ ፕሮግራም ይህን ለማለሳለስ ሁሉንም አቆይቶ ያጫውታል፤ ማቆየት ማለት ደግሞ መዘግየት ነው። ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ የተዘረጋ አንድ ገመድ እኛ ከከፈልንበት ውድ ጥቅል የበለጠ ጠቅሞናል። የቤቱ ሰው ሲረግጠው ይቆጣል፤ ታገሡት።

ድምፅን ለብቻው በፍጥነት የሚያመላልሱ ፕሮግራሞች እንዳሉ ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። ጃክትሪፕ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ምርምር ማዕከል የተሠራ ሲሆን ድምፁን ሳያምቅ እንዳለ ይልከዋል። ጃሙለስ በፈረንጆች 2006 የተጀመረ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር ይገናኛሉ። ሶኖባስ ሰውን ከሰው በቀጥታ ያገናኛል። ሦስቱንም በነጻ አውርዶ መሞከር ይቻላል። ምስል ግን ዋና ሥራቸው አይደለም፤ ምስሉን በሌላ መንገድ ትልካላችሁ፣ ከድምፁ ዘግይቶ እንደሚመጣም ትቀበላላችሁ። በድምፅ ካርዱ ማስተካከያ ውስጥ የማቆያውን መጠን መቀነስም ይረዳል፤ ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲለካ (እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል) 256 ናሙና የነበረውን ማቆያ ወደ 128 ስናወርደው ከ5 ሚሊሰከንድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ወረደ። ከዚያም በታች ስናወርደው ድምፁ መንጣጣት ስለጀመረ እዚያው ተውነው።

በሶኖባስ ድምፃዊቷና ጋሼ ተገናኙ። 200 ኪሎ ሜትር ላይ ሁሉም ነገር ተደምሮ 22 ሚሊሰከንድ ሆነ። እርሳቸው ሲተርኩ እርሷ ከሥር እያዜመች ትከተላቸዋለች፤ ትንፋሽ ሲወስዱ እንኳ ይጠባበቃሉ። ያን ምሽት ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ከበሮ መቺውን ጨመርነውና ደስታው አለቀ። 4,000 ኪሎ ሜትር፣ የሚቻለው ሁሉ ተደርጎ፣ 70 ሚሊሰከንድ። ምንም ዓይነት ፕሮግራም ይህን አይቀንሰውም፤ ብርሃንን ማፍጠን አይቻልም። እኔ ግን አልተቀበልሁትም። ሁለት ወር ሙሉ ቁጥሩን ለማውረድ ስታገል ትርኢቱን ማዘጋጀት ረሳሁ። የትርኢቱ ቀን ደረሰ፤ «በዕለቱ ይስተካከላል» ብለን ገባን።

አልተስተካከለም። ያን ምሽት የሠራኋቸው ስህተቶች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ሌሎቹን ሁሉ የወለዱ ናቸው።

አንደኛ፣ ባልደረቦቼ የተቀናበረውን ምስል እንዲያዩ ብዬ ተመልካቹ የሚያየውን ገጽ እንዲከፍቱ ነገርኳቸው። ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ስርጭት ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እኔ ጋ ያለው ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለ የስርጭት ፕሮግራም ምስሉን አምቆ ወደ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰከንድ ወደሚሆኑ ቁራጮች ይከፋፍለዋል፤ የተመልካቹ ስልክ ደግሞ እንዳይቆራረጥበት ሁለት ሦስት ቁራጭ አከማችቶ ነው ማጫወት የሚጀምረው። አፕል በፈረንጆች 2009 ያወጣው ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ይህ ነው፤ ቁራጩ 6 ሰከንድ ሲሆን ሦስት ቁራጭ 18 ሰከንድ ነው። ለተመልካች ምንም አይደለም፣ ዘግይቶ መጀመሩን አያውቅም። ለተዋናይ ግን መርዝ ነው። ጋሼ ገጹን ከነድምፁ ከፍተውት ኖሮ ከ20 ሰከንድ በፊት የተናገሩት ድምፅ በማይክሮፎናቸው ተመልሶ ገባ፤ ያም ድምፅ ከሌላ 20 ሰከንድ በኋላ እንደገና መጣ። አራት ጋሼዎች በየተራ ሲተርኩ አስቡት። ድምፃዊቷ ለተመልካቹ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጸጥታ ሆነ፤ አፍራ ወደ ሚቀጥለው ክፍል አለፈች። መልሱ የመጣው ስለ ሞት በምታዜምበት ጊዜ ነው፤ ተመልካቹ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ሰው ላይ ጫንሁ። ያ ኮምፒውተር የአራት ሰዎች ምስል ይቀበላል፣ ያቀናብራል፣ አምቆ ይልካል፣ ለማስታወሻም ይቀዳል፤ በዚያ ላይ የእኔን ምስል ለአራቱም ይልካል። ሰው ከሰው በቀጥታ በሚያገናኙ ዘዴዎች አምስት ሰው ሲገናኝ እያንዳንዱ አራት ጊዜ ይልካል፣ አራት ጊዜ ይቀበላል፤ በድምሩ 20 መስመር ማለት ነው። አንዱ ምስል በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ቢሆን ከእያንዳንዱ ቤት የሚወጣው 6 ሜጋቢት ይሆናል። የኢንተርኔት ኩባንያዎች የሚያስተዋውቁት የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን አይደለም፤ ስትፈትሹ የሚወጣውን ቁጥር ተመልከቱ። በ12ኛው ደቂቃ የኮምፒውተሬ ማራገቢያ እንደ አውሮፕላን ጮኸ፤ ኦቢኤስ ፍሬሞችን (ቪዲዮው የሚሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች) መጣል ጀመረ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። አጠገቤ ስልክ አንሥቶ ለሌሎቹ የሚነግር ሰው እንኳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል አልተነጋገርንም። የቡድኑን ዝምታ የሰበረችው ተወዛዋዥዋ ናት። ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ እኮ ከበሮ መቺው እኔን እንዲያየኝ አያስፈልገኝም። እኔ እርሱን ከሰማሁ ይበቃኛል።»

ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም እርስ በርሳችን ለመሰማማት ስንታገል ነበር። ችግሩ ያለው ግን በመመለሻው ጉዞ ላይ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ መዘግየት ማንንም አይጎዳም፤ የዛሬ ዓመት የተቀዳን ከበሮ ተከትሎ መጨፈር ይቻል የለምን? ስለዚህ በሰንሰለት ተያያዝን። ከበሮ መቺው ማንንም ሳይሰማ ይመታል። ድምፁ ወደ ድምፃዊቷ ይሄዳል፤ እርሷ በሰማችው ምት ላይ ትዘፍናለች፤ ከበሮውና ዘፈኗ አንድ ላይ ተዋሕደው ወደ ተወዛዋዥዋ ይሄዳሉ፤ እርሷ በሰማችው ላይ ትወዛወዛለች፤ የእርሷ ምስልና የሰማችው ድምፅ ተጣምረው ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሦስቱም በአንድ ልብ የሚመቱ ናቸው። በየመካከሉ 200 ሚሊሰከንድም ይሁን ግማሽ ሰከንድ ለውጥ የለውም። የሰማችውን ድምፅ ከምስሏ ጋር አጣምራ ለመላክ ተወዛዋዥዋ ድምፅን ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚያሻግር ትንሽ ሶፍትዌር ጫነች፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደተዘረጋ ምናባዊ ገመድ ነው፣ በነጻ የሚገኝም አለ።

ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የከፈለው ከበሮ መቺው ነው። «ግድግዳ እያየሁ ልምታ?» አለ። የድምፃዊቷን ድምፅ መልሰን ብንሰጠው ሳይታወቀው ይጠብቃትና ዜማው እንደገና ይጎተታል፤ ሞክረን አይተነዋል። በልምምድ ጊዜ የተቀዳውን ደጋግሞ እያዳመጠ ዘፈኑን በልቡ እስኪይዘው ድረስ ሦስት ሳምንት ወሰደበት። በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ የምታስቀምጡትን ሰው በጥንቃቄ ምረጡ። ጎበዝ ብቻ ሳይሆን ብቻውን መቆም የሚችል መሆን አለበት።

ከዚያ ድርሰቱን እንደገና ጻፍነው። በየክፍሉ ራስጌ «መሪ» የሚል ቃል አስቀመጥንና ከሥሩ የአንድ ሰው ስም ብቻ ጻፍን። መሪው ማንንም አይጠብቅም፤ ሌሎቹ ይከተሉታል። ጋሼና ድምፃዊቷ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሰማሙበትን አንድ ክፍል ለእነርሱ ብቻ ተውን። ሌላ ቦታ ላይ መዘግየቱን ራሱን ተጠቀምንበት፦ ድምፃዊቷ አንድ ስንኝ ትልና ታቆማለች፣ ተወዛዋዥዋ ከሩቅ አገር በድምፅዋ ትመልሳለች፤ በመካከል ያለው ክፍተት ጥሪን ገደል የሚመልሰው ይመስላል። አዲስ ነገር የፈጠርን መስሎን ነበር። ኋላ ሳነብ በፈረንጆች 1977 ኪት ጋሎዌይና ሼሪ ራቢኖዊትዝ የተባሉ አሜሪካውያን አርቲስቶች በናሳ ድጋፍ በሳተላይት አማካይነት በአሜሪካ ሁለት ዳርቻዎች ያሉ ተወዛዋዦችን በአንድ ስክሪን ላይ አገናኝተው፣ መዘግየቱንም በውዝዋዜ እንደፈተሹት አወቅሁ። ምልክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። እነርሱም ከእኛው ጠላት ጋር ነበር የተገናኙት።

ስለ ስርጭቱ ለምትጠይቁኝ፣ አሁን የምንሠራበትን ልናገር። የእያንዳንዱን ሰው ምስል የማመጣው በቪዲኦ ኒንጃ ነው፤ ሰውየው ምንም ሳይጭን ከብሮውዘሩ አንድ አድራሻ ይከፍታል፣ እኔ ያንኑ ምስል በኦቢኤስ ውስጥ እንደ አንድ ምንጭ አስገባዋለሁ። ወደ ሕዝብ የምልከው በ720 ጥራት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ 2,500 ኪሎቢት ነው። ከዚህ ከፍ ላድርግ የሚል ፈተና ይመጣባችኋል፤ እምቢ በሉት። ከቤታችሁ ከሚወጣው አቅም ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ቀሪው ግማሽ ለክፉ ቀን ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይቅር ይላል፤ የተቆራረጠ ድምፅን ግን ይቅር አይልም።

የከበሮ መቺውን እጅ ለማሳየት በፈለግን ጊዜ ሌላ ጣጣ መጣ። ምስሉ በቀጥታ ወደ እኔ ሲመጣ ከሰንሰለቱ ድምፅ ይቀድማል፤ ድምፁ ገና በዓለም ዙሪያ እየተጓዘ እጁ ወርዷል። ኦቢኤስ ውስጥ ምስልን የሚያዘገይ ማጣሪያ አለ፣ ከብሮውዘር ለሚመጣ ምንጭ ግን ከ500 ሚሊሰከንድ በላይ አይሄድም፤ የእኛ ሰንሰለት ከዚያ ያልፍ ነበር። ከብዙ ድካም በኋላ እጁን ማሳየት ተውነውና ከኋላው መብራት አድርገን ጥላውን ግድግዳ ላይ አሳየን። ጥላው የምቱን ቅጽበት አያሳብቅም። ብዙ ሰው ከትርኢቱ የወደደው ያንን ጥላ ነው፤ ምክንያቱን አልነገርናቸውም።

ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል። የድምፃዊቷ ወንድም ፈቃደኛ ሆኖ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ኮምፒውተር፣ በሌላ ኩባንያ መስመር ተቀመጠ። ሥራው አንድ ነው፦ ተመልካቹ የሚያየውን በተራ ስልክ እያየ እውነቱን መናገር። እርስ በርሳችን የምንነጋገረው ከስርጭቱ ፈጽሞ በተለየ የጽሑፍ ቡድን ውስጥ ነው፣ ያውም በስልክ መስመር እንጂ በቤቱ ኢንተርኔት አይደለም። ቃላቱን አስቀድመን ተስማማን፤ «ቀጥል»፣ «ቆይ»፣ «ምትክ» ብቻ። በጭንቅ ሰዓት ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚያነብ የለም። «ምትክ» ከተባለ ጋሼ አስቀድመው በተቀዳ ትረካ ይገባሉ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ቀድተን አስቀምጠናል። ልምምዱንም ትርኢቱ በሚታይበት ሰዓት አድርጉ፤ ጠዋት ልስልስ ያለው መስመር ማታ ሰፈሩ ሁሉ ፊልም ሲከፍት ሌላ ሰው ይሆናል። በአንዱ ልምምድ ላይ ሳልነግራቸው የራሴን ገመድ ነቀልሁ። ተቆጡ። በኋላ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ ያወቅነው በዚያ ቀን ነው።

ያልጠበቅሁት ከባድ ነገር ጸጥታው ነበር። አዳራሽ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ እዚህ ግን ተዋናዩ ለካሜራ ቀዳዳ ነው የሚጫወተው፣ ሳቁም ጭብጨባውም ከ20 ሰከንድ በኋላ በጽሑፍ ነው የሚመጣው። ጋሼ ከመጀመሪያው ትርኢት በኋላ «ለመቃብር የተረክሁ መሰለኝ» አሉኝ። ለዚህ ያገኘነው መላ ቀላል ነው። ስምንት ወዳጆቻችንን እኛ እርስ በርሳችን በምንገናኝበት፣ የስርጭቱ መዘግየት በሌለበት ውስጠኛው ክፍል አስገባን፣ ማይክሮፎናቸውን ክፍት አድርገው፣ ማዳመጫ አድርገው። ሳል፣ ሳቅ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ ወደ ጋሼ ጆሮ ይደርሳል። ለተመልካች ጥያቄ የምታቀርቡ ከሆነም ከጥያቄው በኋላ የአንድ ደቂቃ ሥራ አስገቡ፤ መልሱ እስኪደርስ የሚሞላ ዘፈን ወይም እንቅስቃሴ።

ተመልካቹንም አስተምሩት። ብሮውዘሮች ገጽ እንደተከፈተ ድምፅ በራሱ እንዲጀምር አይፈቅዱም፤ ክሮም ይህን ያደረገው በፈረንጆች 2018 ነው። ስለዚህ ግማሹ ሰው ዝም ያለ ምስል እያየ «ድምፅ የለም» ይላል። ከትርኢቱ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች «ድምፁን ለመክፈት ይህን ይንኩ» የሚል ጽሑፍ ከለስላሳ ሙዚቃ ጋር እናሳያለን፤ ሙዚቃው የተሰማው ሰው መዘጋጀቱን ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለቆየ ሥራ ለምታስቡ። ትርኢታችሁን ከአንድ ፕሮግራም ጋር አታጋቡት። አፕስቴጅ የተባለው፣ ለኢንተርኔት ትርኢት ተብሎ የተሠራውና ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ ያለው መድረክ ፍላሽ በተባለ የብሮውዘር ማጫወቻ ላይ የቆመ ነበር፤ ፍላሽ በፈረንጆች 2020 መጨረሻ ሲቀር እንደ አዲስ መገንባት ነበረበት። የእኛ ድርሰት አሁን በወረቀት ላይ «እዚህ ከበሮ ይሰማል፣ ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል» ይላል እንጂ የፕሮግራም ስም አይጠቅስም።

ሁለተኛው ትርኢት 48 ደቂቃ ፈጀ። በ31ኛው ደቂቃ የጋሼ ሰፈር መብራት ጠፋ። የድምፃዊቷ ወንድም «ምትክ» ብሎ ጻፈ፤ የተቀዳው ትረካ ገባ፤ ጋሼ በስልካቸው ተመልሰው የመጨረሻውን ገጽ በሻማ አነበቡት። ከተመልካቾቹ አንዷ ሻማው ማማሩን ጻፈች።

ሲያልቅ ሁላችንም በውስጠኛው ክፍል ተሰበሰብን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ በሳቅ መካከል የዘገየ ሳቅ ይመጣል። ከበሮ መቺው ብቻ ዝም አለ። ለካስ ከመካከላችን ትርኢቱን ያላየውና ያልሰማው እርሱ ብቻ ነው። የተቀዳውን ልኬለት በማግስቱ ጠዋት ደወለ። «በሦስተኛው ክፍል፣ እጄን ያነሣሁበት ቦታ ላይ አለች አይደል ተወዛዋዥዋ፣ እዚያ ጋ ቆማ ነበር እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ቆማ ነበር አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ቆይ፣ እንደገና ልየው» ብሎ ስልኩን ዘጋው።